ሰፈሩ ፈረሰ እንጂ ማኅበሩ አልፈረሰም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ከመሀል ፒያሳ መነሳት በኋላ ምን እንደቀረና ምን እንደጠፋ በሚተርከው ጽሑፍ ውስጥ የእኛ የሰፈር ሠዓልያን ማኅበር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅሶ አነበብሁ። ዐረፍተ ነገሩ ማኅበሩ «አባላቱ ወደተለያየ ሰፈር በመሄዳቸው ፈርሷል» ይላል። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ ለወቀሳ አልተነሳሁም፤ ነገር ግን የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝና፣ ቃለ ጉባኤውም ማኅተሙም ይህን በምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ስላሉ፣ የፈረሰው ሰፈሩ እንጂ ማኅበሩ አለመሆኑን ማስታወቅ ግዴታዬ ነው። ስሕተቱ ለአንባቢ ኢምንት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን በአሁኑ ጊዜ መሰብሰቢያ ቦታ እየጠየቅን ነው፤ ከጠየቅነው ኮሚቴ አባላት አንዱም ጋዜጣችሁን አጥፈው ይዘው መጥተው «እናንተ እኮ ፈርሳችኋል» ብለውናል።

ማኅበሩ የተጀመረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በነበረ አንድ የዕድር ዕቃ ቤት ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ከተደረደሩበት ግድግዳ ወዲህ ስድስት ሰው ተጠጋግቶ ሊቀመጥበት የሚችል ክፍት ቦታ ነበር፤ የዕድሩ ዳኛ ይህችን ቦታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሥዕል እንድንጠቀምባት ሲፈቅዱልን ኪራይ አልጠየቁንም። የጠየቁን የዕድሩን ንብረት እንድንጽፍላቸው ነው። ስለዚህ የማኅበራችን የመጀመሪያ ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥዕል መሣል ሳይሆን በ120 ወንበሮች ጀርባ፣ በድስቶቹ ጎንና በሳህኖቹ ቂጥ ላይ የዕድሩን ስምና ተራ ቁጥር በቀይ ቀለም መጻፍ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲነሳ እነዚያ ወንበሮች ከባለቤቶቻቸው ጋር ወደ ብዙ አቅጣጫ ሄደዋል፤ አልፎ አልፎ በሌላ ሰፈር ልቅሶ ቤት የራሴን የእጅ ጽሑፍ ከአንድ ወንበር ጀርባ አግኝቼ ቁጥሩን ደጋግሜ ሳነብ ሰዎች ይገረሙብኛል።

አባላቱ 14 ነን። ከመካከላችን ሥዕልን በመደበኛ ትምህርት የተማረው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አቋቁመውት ዛሬ በስማቸው ከሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ሌሎቻችን ወይ የመግቢያ ፈተናውን ያላለፍን፣ ወይ ዕድሜያችን ከፈተናው ያለፈብን ነን። ፒያሳ ውስጥ የሱቅና የሆቴል ስም በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩ፣ የባነር ማተሚያ መጥቶ ሥራቸውን እስኪወስድባቸው ድረስ የ«ሐ»ን ሦስት እግር በሦስት የብሩሽ ምት እኩል ያወርዱ የነበሩ አባት አሉን። የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ አለች፤ ቅዳሜ የምትመጣው ሳትተኛ ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባ ወጣት፣ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በጡረታ የተገለልሁ የጂኦግራፊ መምህር እኔም አለሁበት፤ ከሰሌዳ ላይ ካርታ በስተቀር ምንም ሥዬ አላውቅም ነበር።

ከሁሉም በላይ ማኅበሩን ማኅበር ያደረጉት ግን እኛ «የኔታ» የምንላቸው፣ ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረው ያደጉ አባት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቹ አንዷ እናቷን ከጎን ሥላ አቀረበች። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባህል ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረው በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ በአንድ ዓይን ከጎን የሚሣሉት ሰይጣንና ክፉዎች ናቸውና፣ የኔታ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ እናትሽ ምን በድላሽ ነው እንደ ይሁዳ በአንድ ዓይን ያስቀረሻት?» አሏት። ልጅቷም «የኔታ፣ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ፊቷ ወደ ምጣዱ ነው፤ ወደ እኔ አትዞርም» ብላ መለሰች። የኔታ ዝም አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሳቸው የጋጋሪ ሥዕል ይዘው መጡ፤ ሴትዮዋ ወደ ምጣዱ አጎንብሳለች፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን ወደ እኛ ናቸው። እጇ ሳይቃጠል እንዴት እንደምትጋግር ጠይቀናቸው አልመለሱልንም። ትምህርት ቤት ያልገባን ሰዎች ሥዕልን የተማርነው በእንዲህ ያለ ክርክር ነው፤ ይህ ክርክር ደግሞ አሥራ አራት ሰው በአንድ ክፍል ካልተቀመጠ አይነሳም።

ሥራችን መሣል ብቻ አይደለም፤ የምንሥልበትንም የምናዘጋጀው ራሳችን ነን። ተወጥሮ ተቀብቶ የሚሸጠው የውጭ ሸራ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ከመርካቶ አቡጀዲ በጣቃ እንገዛለን፣ እንጨቱን አናጢ ቤት አስቆርጠን ፍሬም እንመታለን፣ ጨርቁን ወጥረን በትንንሽ ሚስማር ከያዝን በኋላ በውኃ የቀጠነ ኮላ እናጠጣዋለን። ኮላው ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ጨርቁ በደንብ ካልተወጠረ ኮላው ሲደርቅ ማዕዘኑ ላይ ይሸበሸባል፤ ያ ሽብሽብ በኋላ በምንም ቀለም አይሸፈንም። ለቀለም ደግሞ ዕቁብ አለን። እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ 200 ብር ይጥላል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ግን ገንዘቡን ሳይሆን በገንዘቡ የተገዛውን ቀለምና ብሩሽ ነው የሚረከበው፤ ይህን ደንብ ያወጣነው አንድ አባል የደረሰውን ዕቁብ ለቤት ኪራይ ከፍሎ አንድ ወቅት ሙሉ በእርሳስ ብቻ ከሣለ በኋላ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ የቀለሙ ዋጋ ንሮ፣ አንድ ዕጣ ድሮ የሚገዛውን ግማሽ እንኳ መግዛት አቅቶታል። የሆነ ሆኖ ዕቁቡ አንድም ሳምንት አልተቋረጠም፤ ማኅበሩ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚቆመው ዕቁቡ ነበር።

ዐውደ ርእያችንን የምናደርገው በዕድሩ ድንኳን ነበር። አንድ ዓመት ሥዕሎቹን በድንኳኑ ገመድ ላይ ሰቅለን፣ ቡና አስፈልተን፣ እንግዳ ስንጠብቅ የዕድሩ ለፋፊ ጡሩንባውን ይዞ ወደ ግቢው ገባ። ያረፉት በሰፈሩ መታጠፊያ ቡና ይሸጡ የነበሩ እናት ናቸው። ለእኛ የሰፈር ጎረቤት ብቻ አልነበሩም፤ ዝም ብለው መቀመጥ የሚችሉ ሰው በመሆናቸው፣ ሁላችንም ማለት እንችላለን፣ የሰው ፊት መሣል የተማርነው ከእርሳቸው ፊት ነው። ድንኳኑ ለልቅሶው መነሳት ስለነበረበት ሥዕሎቹን በጥድፊያ አወረድን። ሲወርዱ የእርሳቸው መልክ አምስት ቦታ ተገኘ። ቤተሰቡ ከመታወቂያ ላይ ካለችው ትንሽ ፎቶግራፍ በቀር ምስል ስላልነበረው የበኩር ልጃቸው ከአምስቱ አንዱን መረጠ፤ የተመረጠው በቴክኒክ ደካማው፣ የጋራዡ ልጅ የሣለው ነበር፤ «ስኒ ስታቀርብ እንዲህ ነው አንገቷን የምታዘነብለው» አለ። ሥዕሉ ለሦስት ቀን በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ቆመ። የዚያን ዓመት ዐውደ ርእይ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሳይከፈት ቀረ፤ በቃለ ጉባኤያችን ግን «ተካሂዷል» ተብሎ ተመዝግቧል፣ የጻፍሁትም እኔ ነኝ፣ አሁንም አላርመውም።

ከሰፈሩ ከተነሳን በኋላ አባላቱ ገላን ጉራ፣ የካ አባዶ፣ አራብሳና ሌሎችም ቦታዎች ገብተዋል። ጽሑፋችሁ በዚህ ረገድ ልክ ነው። መገናኘታችን ግን አልቀረም፤ እንደ ጽዋ ማኅበር በየተራ በየአባሉ ቤት እንሰበሰባለን። ችግሩ ጽዋ በጠባብ ሳሎን ይጠጣል፣ ሥዕል ግን በጠባብ ሳሎን አይሣልም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሕፃን በተኛበት ቤት የዘይት ቀለምና ተርፐንታይን መክፈት ነውር ስለሆነ አሁን የምንሠራው በእርሳስና በከሰል ብቻ ነው። የኔታም ደረጃው ስለሚከብዳቸው ምድር ቤት ያለው አባል ተራ እስኪደርስ ይጠብቃሉ።

የጠየቅነው ቦታ ትልቅ አይደለም። እኔ በገባሁበት የኮንዶሚኒየም ሳይት ነዋሪው «ኮሙናል» የሚለው የጋራ መገልገያ ቤት አለ፤ ለበዓል ዕርድ፣ ለድግስና ለልቅሶ ይከፈታል፣ በቀረው ጊዜ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ይውላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቀድልን ለነዋሪዎች ኮሚቴ በጽሑፍ አመለከትን። በመጀመሪያው ስብሰባ የተጠየቅነው «ዘፋኝ አላችሁ?» ተብሎ ነው፤ በአገራችን አርቲስት ሲባል ተዋናይና ድምፃዊ ብቻ ስለሚታሰብ የሠዓሊ ማኅበር ማለት ድምፅ ማጉያ የሌለው ማኅበር መሆኑን ለማስረዳት ጥቂት ጊዜ ወስዶብናል። ቀጥሎ የግድግዳው መበላሸት ተነሳ፤ ወለሉን ሸራ እንደምናለብስና በውኃ የሚታጠብ ቀለም ብቻ እንደምንጠቀም በፊርማችን አረጋገጥን። ሦስተኛው መልስ ለእናንተ ከተሰጠ ሌላውም ይጠይቃል የሚል ነበር። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም፤ ይሁንና ሌላው ቢጠይቅ ሳምንቱ ሰባት ቀን አለው። እንዲያውም እንደ ድሮው የሳይቱን ዕድር ወንበርና ድስት ያለ ክፍያ ልንጽፍ፣ ለሕፃናቱም ቅዳሜ የመጀመሪያዋን ሰዓት ልናስተምር ቃል ገብተናል። ጉዳዩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው ጋዜጣችሁ የደረሰው።

ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «ፈርሷል» የሚለው ቃል ስሕተት መሆኑን በሚቀጥለው ዕትም በአንድ መስመር እንድታርሙልን ነው፤ ያን መስመር ቆርጬ ከማመልከቻችን ጋር አያይዘዋለሁ። ሁለተኛው፣ ጽሑፉን ያዘጋጀው ጋዜጠኛ በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ወደ ቤቴ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ተራው የእኔ ነው፣ ቤቱም ምድር ቤት ስለሆነ የኔታ ይኖራሉ። ወንበር ግን ስለማይበቃ ዱካ ይዞ ቢመጣ አይከፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ ጸሐፊ
አዲስ አበባ