የቅዳሜው የጀልባ ጉዞ

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከልጆቻችን ጋር የምንጓዘው ቅዳሜ ሐምሌ 18 ነው። ከጠዋቱ 12፡30 ፍቅር ሐይቅ፣ ጀልባዎቹ በሚቆሙበት ዳርቻ እንገናኝና 1 ሰዓት ላይ እንነሣለን።

በማለዳ እንድንወጣ የወሰንነው በምክንያት ነው። ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ክረምት ነውና ዝናቡም ይከተላል። አምና አርፍደን ወጥተን ማዕበሉ ጀልባው ውስጥ ሲረጭ፣ ልጆቹ እናቶቻቸው ላይ ተጣብቀው ሲያለቅሱ ያየሁትን አልረሳውም።

መጀመሪያ የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ጉማሬዎቹን ከርቀት እናያለን። እባካችሁ፣ ባለ ጀልባውን «ትንሽ ጠጋ በል» እንዳትሉት፤ ጉማሬ ሲጠጉት ጀልባ ይገለብጣል። ከዚያ የዓሣ ገበያው ወዳለበት አሞራ ገደል ወርደን ቁርስ እንበላለን። የሰኔ ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ዓሣው ለሁላችንም ይሆናል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመረቡ ሲፈታ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው ትርፍራፊ ሲጠብቁ ልጆቻችን በቅርብ እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

ዋና የሚችልም ቢሆን ሕይወት አድን ጃኬት ያላጠለቀ አይሳፈርም። በልጆች ልክ የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ ስንት ልጅ እንደምታመጡና ዕድሜያቸውን ጻፉልኝ። የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያና የመጠጥ ውሃ ያዙ። የጀልባውን ኪራይ በሰው ቁጥር እንካፈላለን።

ጀልባዎቹን ሐሙስ ጠዋት ስለምይዝ፣ የምትመጡም የማትመጡም እስከ ረቡዕ ማታ መልሱልኝ።