ሰገሌ ላይ ትክክለኛው ማን ነበር?

ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት
ደሴ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

በአደባባይ መጻፌ ቅር እንደሚያሰኝዎ አውቃለሁ። ነገር ግን ለትምህርት ክፍሉ፣ ለሰው ሀብት አስተዳደርና ለእርስዎ የጻፍኳቸው ሦስት አቤቱታዎች «ለሚመለከተው» ተብለው ተመርተው ቀሩ። የሚመለከተው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ጸሐፊዎ በሄድኩ ቁጥር «አብሽር፣ ይመጣል» ትለኛለች። በእርሷ አልፈርድም፤ ከቢሮዎ ደግ ቃል የሰማሁት ከእርሷ ብቻ ነው።

ለታሪክ ረዳት ፕሮፌሰርነት በወጣው ማስታወቂያ ተወዳደርኩ። በጽሑፍ ፈተናውም በሙከራ ትምህርቱም አንደኛ መውጣቴ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። የቀረው ቃለ መጠይቅ ነበር። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንድም የታሪክ ሰው አልነበረም። የታሪክ መምህር ሲቀጠር ቢያንስ አንድ የሙያው ሰው መቀመጥ እንዳለበት ለእርስዎ ማስረዳት አያሻኝም። ከመካከላቸው የሒሳብ አያያዝ መምህር የሆኑት ጠየቁኝ፦ «ሰገሌ ላይ ትክክለኛው ማን ነበር? የሸዋ መኳንንት ወይስ ንጉሥ ሚካኤል?»

ቅድመ አያቴ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ከወሎው ንጉሥ ከሚካኤል ጋር ሰገሌ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ አልተመለሱም። በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ተነስቶ አያውቅም፤ መልሱ ከጡት ጋር የሚጠባ ነበር። እኔ ግን ይህን ያህል ዓመት የተማርኩት የቤቴን መልስ ለመድገም አይደለም። የንጉሡ ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ በሸዋ መኳንንት እንዴት ከሥልጣን እንደወረዱ፣ ሁለቱም ወገኖች ምን እንደፈሩ፣ ታሪኩንም በብዛት የጻፈልን ያሸነፈው ወገን መሆኑን አስረዳሁ። ጠያቂው ደብተራቸውን ዘግተው «ቁርጥ ያለ አቋም የለህም» አሉኝ። አዎ፣ በአንተታ።

በማግስቱ ውጤቱ ከሰሌዳው ተነሳ። መደቡም «ተማሪ ስለሌለ» ተሰረዘ። ታሪክን መርጦ የሚገባ ተማሪ መመናመኑን አልክድም። ግን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጥ የጋራ ትምህርት አይደለም እንዴ? ሐኪም የሚሆነውም መሐንዲስ የሚሆነውም ይማረዋል። ዘንድሮ የሚያስተምሩት በትርፍ ሰዓት ክፍያ የተመደቡ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደውለው፣ የኋላውን ንጉሥ፣ ኢማም መሐመድ አሊን፣ ራስ ሚካኤል ስላደረጋቸው የ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ማስታወሻ እንድልክላቸው ለመኑኝ። ላክሁላቸው። ተማሪዎቹ ምን አጠፉ?

እንግዲህ ተማሪ የሌለው መደብ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከየት አመጣ? የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ን አልጠቅስልዎም፤ በየስብሰባው ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። «አቋም» ስንት ነጥብ እንደተሰጠው ማየት እፈልጋለሁ። የቃለ መጠይቁን የነጥብ ወረቀት ከነፊርማው፣ መደቡ የተሰረዘበትንም ቃለ ጉባኤ ያሳዩኝ።

ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ለጸሐፊዎ ከ«አብሽር» ሌላ የምትነግረኝ ነገር ይስጧት።

ተወዳዳሪው