በአንዲት በቅሎ ልክ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልኝን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መኪና በማይገባበት ቀበሌ የብረት ሥራ ቤት የሚያስጀምር የመሣሪያ ሳጥን ልታዘጋጂ መነሣትሽ አኩርቶኛል። ነገር ግን የጻፍሽው 43 ዓይነት ዕቃ ነው። የበሽሎን ወንዝ ቁልቁለት አስቤ አንዲት በቅሎ በምትሸከመው ልክ ቀነስኩልሽ፤ አትቀየሚኝ።

መጀመሪያ የሰረዝኩት ጄኔሬተሩን ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሽ አንድ ድርጅት ለሰፈራችን ወጣቶች ጄኔሬተር፣ የብየዳ ማሽንና ግራይንደር አምጥቶ ነበር። በምርቃቱ ቀን በግ ታረደ። ዓመት ሳይሞላ የጄኔሬተሩ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰበረች፤ መለዋወጫዋ ደሴ ድረስ ተፈልጋ ጠፋች። ማሽኖቹ መጋዘን ተቆለፈባቸው፣ ልጆቹም ተበተኑ። ቁልፉ ሲዞር አብሬያቸው ቆሜ ነበርና ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ስትመርጪ፣ ሲሰበር በሳጥኑ ውስጥ ባሉት በሌሎቹ መሣሪያዎች መጠገን ወይም እንደገና መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። እዚያው የሚሠራውን ደግሞ አትጫኚው። ስድስት መዶሻ ጽፈሻል፤ አንድ ይበቃል፣ የቀሩትን እርሱ ይወልዳቸዋል። ጉጠቱ እዚያው ይቀጠቀጣል። መሮና ቢላዋ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ይወጣል። የከባድ መኪና አክስል ቁራጭ ግንድ ላይ ተተክሎ ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ ይሆናል። ወናፉን ከፍየል ቆዳ የሚሰፋ ሰው በየአገሩ አለ።

ሞረድ ግን እንደዚያ አይደለም። ጥርሱ አንድ በአንድ ተቆርጦ ሲያበቃ፣ ብረቱ ሳይጣመም መጠንከር አለበት፤ ይህ ገና ለጀመረ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ በመዶሻዎቹ ፈንታ ሞረድ ጨምሪ፤ ሻካራ፣ ልስልስ፣ ክብና ባለ ሦስት ማዕዘን። የብረት መጋዙ የሴጌቶ ምላጭ፣ ብረት መብሻው ፑንታ፣ እርሱን የሚያዞር የእጅ ትራፓን፣ ሥራውን ቆንጥጦ የሚይዝ አንድ ጠንካራ ሞርሳ፣ የውፍረት መለኪያው ካሊብሮና በሁለት መጠን የብሎን ጥርስ ማውጫ ይግቡ። ያለቀውን ሞረድ እንዳይጥሉት ንገሪያቸው፤ ጫፉ ተስሎ ለብረት መፋቂያ ከእርሱ የሚበልጥ የለም።

መሮ ለማጠንከር የሚረዳውን ማግኔት አልጻፍሽም። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ይበቃል። ብረቱ ከሰሉ ውስጥ ግሎ ማግኔት መሳቡን ሲተው 770 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት አሙቆ ዘይት ውስጥ መንከር፣ ከዚያም ፊቱን አጥርቶ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ቀስ ብሎ እንደገና ማሞቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ማሞቅ ከተዘለለ መሮው በመጀመሪያው ምት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። እኔ ይህን ለመማር ስንት መሮ እንደፈጀሁ እናትሽ ታውቃለች።

ልኬትን በተመለከተ የጠየቅሽኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቀጥ ያለ ፊት የሚለካበት ቀጥ ያለ ፊት ከሌለ ከየት ይመጣል? ሦስት የብረት ዝርግ ይበቃል። ጥላሸት በዘይት አድርገሽ አንዱን ቀቢ፣ ሌላውን ጫኚበት፣ ጥላሸቱ የነካውን ጉብታ ፋቂ። ሁለቱን ብቻ ብታፈራርቂ አንዱ ጎድጎድ፣ ሌላው ጉብ ብለው ተስማምተው ሊያታልሉሽ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን ያጋልጣቸዋል። ሦስቱም እርስ በእርስ እስኪገጥሙ እያፈራረቁ መፋቅ ነው። ዊትዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ዘዴ ይኸው ነው። ቀናት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ ቀበሌ የራሱ መለኪያ አለው።

በደጃችን ያለፈውን ሴባስቶፖልን አስቢ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ገደል እያስናዱ፣ በዚህ በደላንታ አሻግረው መቅደላ አወጡት። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ብረቱን አቅልጠው የሠሩት አውሮፓውያን ግን በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። መድፉ ዛሬም አምባው ላይ አለ፤ የጋፋት ምድጃ ግን ጠፍቷል። ልጅ ሆኜ መድፉን ሳይ እደነቅ ነበር፤ አሁን የሚቆጨኝ ምድጃው ነው።

ስለዚህ የምትሄጂበት አገር ያለውን ቀጥቃጭ ፈልጊና ሳጥኑን ከእርሱ ቤት ክፈቺ። አያትሽ ለአገሩ ሁሉ ማረሻ ሲያሾሉ ኖረው፣ ዞር ሲሉ ቡዳ ይባሉ ነበር። ቂም አልያዙም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ያንን ሰው አልፈሽ ወጣቶቹን ብቻ ብታሠለጥኚ፣ ከሰል አያያዙንና እሳት ማንበቡን ማን ያስተምራቸዋል?

ገቢውም ከዚያው ይጀምራል። ማረሻና ማጭድ ወቅት አላቸው፤ እዚህ እኛ ዘንድ በሌላው ጊዜ የሚያኖረኝ ገደሉ ላይ ኦፓል የሚቆፍሩት ልጆች መሮ ነው፤ በየቀኑ ይዶለዱማል። ከየሥራው ዋጋ ጥቂቱ ለምላጭና ለፑንታ መግዣ ለብቻው ይቀመጥ። የተቀረው ሒሳብ የእነርሱ ነው፤ አንቺ አትግቢበት።

ለገና ስትመጪ ሳጥኑን ባዶውን ይዘሽው ነይና በቅሎዋ ላይ ጭነን እንሞክረው። ከኮምቦልቻ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ሁለት ግዥልኝ፤ የእኔ አልቆ መፋቂያ ሆኗል።

አባትሽ
ወገል ጤና