አዲስ ጉድጓድ ከመጠየቃችን በፊት የሚጠፋውን ውኃ እንቁጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በትናንሽ ከተሞቻችን ስለሚታየው የውኃ እጥረት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዘገባዎች በትኩረት እከታተላለሁ። የዘገባዎቹ አካሄድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ነዋሪዎች ውኃ የሚመጣላቸው በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን በምሬት ይናገራሉ፤ የአገልግሎቱ ኃላፊ የሕዝቡ ቁጥር ከጉድጓዱ አቅም በላይ መሆኑን ያስረዳሉ፤ በመጨረሻም ተጨማሪ ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር በጀት እየተጠየቀ እንደሆነ ይገለጻል። በአንዲት የወረዳ ከተማ የውኃ አገልግሎት በኤሌክትሮ መካኒክነት ለረጅም ዘመን ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ እንደመሆኔ፣ እነዚህን ዘገባዎች ሳነብ ሁልጊዜ የማጣው ጥያቄ አለ። አሁን ካለው ጉድጓድ በየቀኑ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ይወጣል? ከዚያስ ውስጥ በደንበኞች ቆጣሪ አልፎ ሒሳብ የሚከፈልበት ስንቱ ነው?

ለዚህ ጥያቄ የተረጋገጠ መልስ ያለው ጽሕፈት ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። በጉድጓዱ አፍ ላይ መኖር የሚገባው ትልቁ ቆጣሪ ወይ ከመነሻው አልተገጠመም፣ ወይ ከተበላሸ ቆይቶ የሚጠግነው አላገኘም። ኦፕሬተሩ በመዝገብ የሚያሰፍረው ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ፓምፑ አዲስ በነበረ ጊዜ ይሰጠው በነበረው መጠን ይባዛና የወሩ ምርት ተብሎ ለወረዳና ለዞን ሪፖርት ይላካል። ነገር ግን ፓምፕ ያረጃል፣ አሸዋ ውስጡን እየበላው ይሄዳል፣ የጉድጓዱም የውኃ ከፍታ በበጋ ይወርዳል። ስለዚህ ገና ያልወጣው ውኃ በወረቀት ወጥቶ፣ በቧንቧ ባክኗል ከሚባለው ጋር ይደመራል። በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ ተመሥርቶ ለአዲስ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ብር መጠየቅ የሕዝብን ገንዘብ በግምት ማውጣት ነው ብዬ አምናለሁ።

በመስመሩ ላይ የሚጠፋው ውኃ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በአንድ ስሌት ላሳይ። ከዋናው ቧንቧ ወደ ደንበኛ ግቢ በሚገነጠልበት ቦታ ላይ ጎማው ያረጀ አንድ ማያያዣ በሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ሊትር ያሾልካል እንበል። ከላይ የሚታየው በመንገዱ ዳር ትንሽ እርጥብ መሬትና ከሌላው ቀድሞ የለመለመ ሣር ብቻ ስለሆነ ማንም አያመለክትም። መስመሩ ውኃ ይዞ ከዋለና ካደረ ግን በ24 ሰዓት 8,640 ሊትር ይሄዳል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 432 ጀሪካን ማለት ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የነዋሪዎቻቸው ቁጥር ከ20,000 እስከ 50,000 ለሚደርስ ከተሞች የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር፣ ከ20,000 በታች ለሆኑት ደግሞ በ250 ሜትር ርቀት ውስጥ 40 ሊትር ነበር። በመጀመሪያው መለኪያ ብንሄድ ያቺ አንዲት ማያያዣ የ170 ሰዎችን የቀን ድርሻ ታፈስሳለች። የሚፈሰው ውኃ ደግሞ በነፃ የወጣ አይደለም፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃን 200 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት፣ ፓምፑና ሞተሩ ከሚወስዱት ኃይል ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ላይ ቢያውሉት እንኳ፣ ወደ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ወጪው ወደ ናፍጣ ይዞራል፤ የናፍጣውን ነገር አንባቢ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን ማያያዣ ለመጠገን የሚያስፈልገው አንድ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ቁልፍ፣ ጎማና ግማሽ ቀን ነው። የሚያዘገየው ግን የዕቃው ዋጋ አይደለም። መስመሩን ለመዝጋት ጌት ቫልቩን ማግኘት ያስፈልጋል፤ በብዙ ከተሞች መንገዱ ኮብል ስቶን ሲነጠፍ የቫልቮቹ ማንሆሎች ከሥር ተቀብረው ቀርተዋል። የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ በጽሕፈት ቤቱ ስለሌለ አንድ ነባር ሠራተኛ ተጠርቶ በእግሩ እየለካ፣ ከዚያ ዋርካ ይህን ያህል እርምጃ፣ ከዚህ ቦኖ ያን ያህል እያለ ያሳያል። እሱ ጡረታ ሲወጣ የከተማዋ የውኃ መስመር ካርታ አብሮ ይወጣል። ካልተገኘም የከተማው ግማሽ ይዘጋል፣ ወይም ቀዳዳው በላስቲክ ይታሰርና ይታለፋል። ተቋራጩ ሥራውን ሲያስረክብ መስመሩና ቫልቮቹ በትክክል የተቀበሩበትን የሚያሳይ ካርታ ካላስረከበ የመጨረሻው ክፍያ ሊፈጸምለት አይገባም።

ውኃ በፈረቃ ሲሰጥ ብክነቱ ይቀንሳል ብለው የሚከራከሩ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። በመጠን ረገድ እውነት አላቸው፤ በጤና ረገድ ግን ክርክሩ ተገላቢጦሽ ነው። መስመሩ ሲዘጋና ውኃው ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ሲወርድ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ያነሰ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውኃ ሲያወጣ የነበረው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ጭቃና ከአጠገቡ ካለው ሽንት ቤት የሰረገውን ፈሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚህ የሚጠብቀን በውኃው ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በደንበኛው ቧንቧ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን እንዲገኝ ይመክራል። በቀን 500 ሜትር ኩብ ለሚያመርት አገልግሎት በሊትር አንድ ሚሊግራም ለመጨመር የሚያስፈልገው፣ ከመቶ ከ65 እስከ 70 ክሎሪን ያለው ዱቄት፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። መለካቱም ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ በእጅ በምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ውኃ ቀድቶ ዲፒዲ የሚባለውን ክኒን መጨመርና ውኃው ምን ያህል ሮዝ እንደሆነ ከቀለሙ ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። ይህ ልኬት መወሰድ ያለበት ግን ከማጠራቀሚያው ሥር ሳይሆን መስመሩ በሚያበቃበት የመጨረሻው ቦኖ ላይ ነው።

ፈረቃው ሲደርስ ከውኃው ቀድሞ የሚመጣው አየር ነው፤ የደንበኛው ቆጣሪ ደግሞ አየሩንም እንደ ውኃ ቆጥሮ ይዞራል። ነዋሪዎች ለነፋስ ከፈልን ሲሉ ቆጣሪ አንባቢዎች እንደ ቀልድ ያዩታል፤ ቅሬታው ግን የቴክኒክ መሠረት አለው። በአንጻሩ ሮቶ ያለው ደንበኛ ማጠራቀሚያው ሊሞላ ሲል ውኃው በጣም እየቀጠነ ስለሚገባ ያረጀ ቆጣሪ አይቆጥረውም። በሁለቱም በኩል ሒሳቡ ይዛባል።

ታሪፍን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው። የ1991 ዓ.ም. የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውኃ አገልግሎት ወጪውን ከተጠቃሚው ክፍያ እንዲሸፍን ያስቀምጣል፤ ይህን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ የውኃ አገልግሎቱ ቦርድ የታሪፍ ጭማሪ ከማጽደቁ በፊት የጉድጓዱ ቆጣሪ ንባብና የተሸጠው ውኃ መጠን ጎን ለጎን በማስታወቂያ ሰሌዳ ሊለጠፍ ይገባል፤ አለበለዚያ ደንበኛው የሚከፍለው ለብክነቱ ጭምር ነው። በተጨማሪም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚለው አሠራር፣ አምስትና ስድስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ድሃውን በሀብታም ዋጋ ያስከፍለዋል። ቦርዱ ቢያንስ በአንድ ቆጣሪ የሚገለገሉትን ቤተሰቦች አስቆጥሮ የዋጋ እርከኑን በዚያ ልክ ሊያሰላ ይችላል።

ከሁሉም ይበልጥ የተዘነጋው ወደ ግቢ የገባው ውኃ ከግቢ የሚወጣበት መንገድ ነው። በብዙ ቦታ የአገልግሎቱ ስም የመጠጥ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ቢሆንም ለፍሳሹ የተመደበ ሠራተኛም ተሽከርካሪም የለም። የጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም ሴፕቲክ ታንክ የሞላበት ነዋሪ ከትልቁ ከተማ የመምጠጫ ቦቴ ያስመጣል፤ ቦቴው የመጠጠውን የት እንደሚደፋ ማንም አይጠይቅም፤ ብዙውን ጊዜም የሚደፋው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገደል ወይም የወንዝ ዳር ነው። የግቢ ጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ሰዎች ባሉበት ሰፈር ሽንት ቤት ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ቢመከርም፣ በጠበበ ይዞታ ላይ ይህ ሲጠበቅ አላየሁም።

ለትንሽ ከተማ መፍትሔው በአዲስ አበባ ቃሊቲ እንዳለው፣ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም እንዳለው ጣቢያ ያለ ግንባታ አይደለም። የፍሳሽ መስመር በየመንደሩ ለመዘርጋት የሚበቃ ገንዘብም፣ መስመሩን የሚያጥብ ውኃም የለም። የሚያስፈልገው ቦቴው የመጠጠው ዝቃጭ የሚደፋበት፣ በጠጠርና በአሸዋ የተነጠፈ፣ ከሥሩ ውኃውን የሚያስወጣ ቧንቧ ያለው የዝቃጭ ማድረቂያ መደብና ከመደቡ የሚጠልለውን ፈሳሽ የሚቀበሉ ተከታታይ ኩሬዎች ናቸው፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ያለ ፓምፕና ያለ መብራት ይሠራሉ። የደረቀው ዝቃጭ ወዲያውኑ ወደ እርሻ መውጣት የለበትም፤ የወስፋት እንቁላል ረጅም ዕድሜ ስላለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት አካባቢ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ በቆላ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ተከማችቶ እንዲቆይ ይመክራል። ቦቴውም ለእያንዳንዱ ከተማ ባይገዛ ሦስትና አራት ጎረቤት ከተሞች በጋራ ገዝተው በተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ለዚህ ሁሉ ቅድሚያ የሚያስፈልገው መሬት ነው። የከተማ ፕላን ሲከለስ ለገበያ፣ ለመናኸሪያና ለመቃብር ቦታ ይያዛል፤ ለዝቃጭ ማድረቂያ ግን ሲያዝ አይታይም። ቤቶች ከተሠሩ በኋላ ቢታሰብ የትኛውም ሰፈር በአጠገቡ እንዲሆን አይፈቅድም፣ አይፈረድበትምም። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች ከውኃ መገኛዎቻቸው በታች በሆነ ተዳፋት ላይ፣ ነፋስ ሽታውን ወደ መኖሪያ ሰፈር በማያመጣበት አቅጣጫ፣ ቦታውን ዛሬውኑ በፕላን ላይ አስፍረው ካርታ እንዲያወጡለትና የመሬት ክፍላቸው ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጠው በጽሑፍ እንዲያግዱት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የከተማ ውኃ አገልግሎት ኤሌክትሮ መካኒክ