ይድረስ ለብሪታኒያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፦ ስደተኛው ከቤተሰቡ የሚገናኝበት በር ይከፈት

ለክብርት ሻባና ማህሙድ
ሎንደን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ክብርት ሆይ፣

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች አንብበው፣ የተናገርኩት የእነሱም ሐሳብ መሆን አለመሆኑን እንዲፈርዱ ብዬ ነው። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለቢሮዎ እልካለሁ። ሎንደን ባለ አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሆም ኦፊስ፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤትዎ፣ የተላከ ደብዳቤ ይዘው ለሚመጡ ወንድሞችና እኅቶች አነብላቸዋለሁ፣ ፎርም እሞላላቸዋለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 የተዘጋው ፋሚሊ ሪዩኒየን፣ ማለትም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ሚስቱን ወይም ባሏን፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹንም የሚያመጣበት መንገድ ይከፈት። መንገዱን የዘጉት እርስዎ አይደሉም፤ ወንበሩን የያዙት በማግስቱ ነው። መልሶ የመክፈት ሥልጣኑ ግን ዛሬ በእጅዎ ነው።

የተዘጋው መንገድ ክፍያ አልነበረውም፣ የገቢ መጠንም አይጠይቅም ነበር። እስከ ጁን 2025 በነበረው አንድ ዓመት ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች በእሱ ቪዛ አግኝተዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። አሁን ስደተኛው እንደማንኛውም ነዋሪ በመደበኛው የቤተሰብ ቪዛ ያመልክት ተብሏል። ያም ማለት እ.ኤ.አ. በ2025 ዋጋ በዓመት 29 ሺህ ፓውንድ ገቢ፣ ለአንድ ሰው 1,938 ፓውንድ የማመልከቻ ክፍያ፣ ከዚያ ላይ ለአዋቂ በየዓመቱ 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ ነው። እኔ የማውቃቸው ልጆች ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባሉ፣ መጋዘን ያድራሉ፣ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በሰዓት 12.21 ፓውንድ በሆነው ዝቅተኛ ደመወዝ ሳምንቱን ሙሉ 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሳምንት ሳያርፍ የሠራ ሰው የሚደርሰው 25,400 ፓውንድ ገደማ ነው። ሕጉ የሚጠይቀውን ገቢ ሙሉ ሰዓት ሠርቶም አያገኘውም።

ባለፈው ክረምት ወረቀት፣ ማለትም የጥገኝነት ፈቃድ፣ ያገኘ አንድ ወንድማችን አለ። ሚስቱ አዲስ አበባ ሁለት ልጆች ይዛ የጋብቻውንና የልደቱን ሰነድ ስታስተረጉም፣ ስታረጋግጥ ከርማ፣ ማመልከቻው ሳይገባ መንገዱ ተዘጋ። ቀኑን ቆጥሮ ያዘገየ ሰው አይደለም፤ ሰነዱ አላለቀለትም ነበር። እሑድ እየመጣ «አዲስ ነገር አለ?» ይለኛል። የምመልስለት የለኝም።

ይህን ለእርስዎ ስጽፍ በአገርዎ ፓርላማ የተነገረ አንድ ቃል ትዝ ይለኛል። በጌቶች ምክር ቤት፣ ማለትም በፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት፣ 26 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት መቀመጫ አላቸው፤ የምክር ቤቱ ውሎም የሚከፈተው በጸሎት ነው። ሳይመረጡ ለምን ሕግ አውጪ ይሆናሉ የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። የመጣሁበት አገር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 ሃይማኖት በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ስለሚል ነገሩ ለእኔም እንግዳ ነበር። ሆኖም ድምፅ የማይሰጥ፣ ተወካይ የሌለው ሰው ጉዳይ በዚያ ምክር ቤት ሲነሣ፣ ደጋግመው የሚያነሡት እነሱ እንደሆኑ አይቻለሁ።

ሜይ 10 ቀን 2023 በሕገ ወጥ ስደት ረቂቅ ሕጉ ላይ ክርክር ሲደረግ፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት የያኔው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ተነሥተው፣ የስደትን ቀውስ ለድሆቹ አገሮች ብቻ መተው በሥነ ምግባር ተቀባይነት የሌለው፣ በፖለቲካም የማያዋጣ ነው አሉ። (ዌልቢ በኋላ ከመንበራቸው የለቀቁት በሌላ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ያ ይህን ቃላቸውን አይሽረውም።) እኛ ይህ ቃል በሁለት በኩል ይነካናል። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ታስተናግዳለች። የጋምቤላና የሶማሌ ክልል ሕዝብ የሚያካፍለው ተርፎት አይደለም። እዚህ ደግሞ በር የምናንኳኳው እኛው ነን።

ሊቀ ጳጳሱ ነቅፈው ብቻ አልተቀመጡም። መንግሥት ለስደተኞችና ለሰው ንግድ ጉዳይ የአሥር ዓመት ስልት እንዲያወጣ የሚያስገድድ ማሻሻያ አቀረቡ። የላይኛው ምክር ቤት ተቀበለው፣ የታችኛው ጣለው። በዓመቱ መንግሥት ተቀየረ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላኩም ዕቅድ ተሰረዘ። አሁን እርስዎ በዚህ ወር ይፋ ባደረጉት ዕቅድ የስደተኛው ፈቃድ በየ30 ወሩ እየታየ ይታደሳል፣ ቋሚ መኖሪያ የሚገኘውም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። እንደኔ እምነት ያ የአሥር ዓመት ስልት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የሰው ትዳርና ልጅ የተንጠለጠለበት መንገድ በጥቂት ቀን ማስታወቂያ አይዘጋም ነበር።

ከመሥሪያ ቤትዎ የሚሰጠው ምክንያት የመኖሪያ ቤት እጥረት ነው። ወረቀት ባገኘ ማግሥት ቤተሰቡን የሚጠራ ሰው በዝቶ የአካባቢ አስተዳደሮች ቤት አጡ ይባላል። ችግሩ እውነት ነው፤ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ቤት ወረፋ ውስጥ እኛም አለንበት። ግን ስለ ቤት ጉዳይ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት የተሰጣቸውን የቼምስፎርድ ጳጳስ ጉሊ ፍራንሲስ ደህቃኒን ይጠይቋቸው። በጌቶች ምክር ቤት የተቀመጡ ናቸው። ኢስፋሃን ተወልደው፣ ከኢራን አብዮት በኋላ ወንድማቸው ተገድሎ፣ በልጅነታቸው ወደዚህ አገር የመጡ ስደተኛ ናቸው። የቤትንም ችግር የስደትንም ችግር የሚያውቅ እንዲህ ያለ ሰው በአጠገብዎ አለ።

ክብርት ሆይ፣ እምነትዎ የሕይወትዎ መሠረት እንደሆነ በአደባባይ የሚናገሩ ሰው ስለሆኑ ይህንንም ልበል። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱሙ ነጃሺ ሲመጡ ለብቻቸው አልመጡም። ዑስማን ከሚስቱ ከሩቅያ ጋር ነበር። ጃዕፈርም ከሚስቱ ከአስማ ጋር ነበር፤ ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደውም በሐበሻ ምድር ነው። ንጉሡ ክርስቲያን ነበር። መካውያን መልሰህ ስጠን ሲሉት እንቢ አለ፤ ቤተሰብም አልለየም። ይህን ታሪክ እኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይዞት ያድጋል።

ስለዚህ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ቀኑን ለፓርላማው ያሳውቁ። ከሴፕቴምበር 4 በፊት ወረቀት ያገኙት በቀድሞው ደንብ ይስተናገዱ፤ ሲጠብቁ የነበሩት በዚያ ተስፋ ነውና። አዲሱ ደንብ ሲወጣም ሙሉ ሰዓት ሠርቶ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚያድር አባት የሚደርስበት ይሁን። ጳጳሳቱ በምክር ቤቱ ስለ ስደተኛ ሲጠይቁም፣ ሚኒስትሮችዎ በጀልባ ባሕር አቋርጠው ስለሚገቡት ብቻ ሳይሆን ስለ ጠየቁት ጉዳይ ይመልሱላቸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በሎንደን የሚኖር አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል