ለእናቴ፣ ስለ መክሳቴ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከባሕር ዳር የምጽፍልሽ፣ ለፋሲካ ዘጌ በመጣሁ ጊዜ ክንዴን ይዘሽ «አጥንትሽ ወጣ» ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ ወንድሜ ስለ ነገረኝ ነው። እሱው ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፤ ያልገባሽ ቢኖር ደግሞ ያንብብልሽ።

በጀልባ የላክሽልኝ ቅቤ ደርሶኛል። በዘጌ በጥንት አባቶች ሥርዓት በሬ ስለማይጠመድና ከብት ስለማይረባ፣ ያንን ቅቤ በቡናሽና በጌሾሽ ገንዘብ ገበያ ወጥተሽ እንደ ገዛሽው አውቃለሁ፤ ስለዚህ የት እንደ ደረሰ ልሸሽግሽ አልችልም። እኔ ስለማልበላው በግቢያችን ለምትኖር አራስ ሰጥቻታለሁ፤ እርሷም ስምሽን ጠይቃ መርቃሻለች።

ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ የተውኩት ተቸግሬ ሳይሆን፣ ለእኔ ሲባል እንስሳ እንዳይሞት ልቤ ስለ ወሰነ ነው። ከደጅሽ ሐይቅ የሚወጣውን ቆሮሶ ዓሣ እንኳ እንድበላ እንደምትመኚ አውቃለሁ፤ እርሱንም ትቼዋለሁ። «በበዓለ ሃምሳ አይጾምም» ብለሽ የተጨነቅሽበት ነገር ግን ያሳስበኛልና ልመልስልሽ። እኔ በበዓለ ሃምሳ አልጾምኩም፤ ማለዳ ቁርሴን በልቼ ከቤት እወጣለሁ። በጾም ወራት ሰዓቱን ጠብቄ ከሰው ጋር እጾማለሁ፤ ከዚያ ውጭ የምበላው ነገር የጾም ምግብ ቢሆንም ጾም ብዬ አልቆጥረውም፤ በረከቱንም አልጠይቅበትም።

አሁን ወደ ክሳቴ ልመለስ። ሰው ሳያስበው ሲከሳ መመርመር አለበት፤ የሳንባ ነቀርሳም፣ የስኳር ሕመምም፣ ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢም፣ የአንጀት ትላትልም ሰውነትን ያመነምናሉና፣ «አትክልት ስለምበላ ነው» ማለት እውነተኛውን ሕመም ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ተመርምሬ ነፃ ሆኛለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቴ 49 ኪሎ ነበር። ሐኪሞች ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍሉና ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች የሆነውን ቀጭን ይሉታል፤ የእኔ 18 ነበር። ዐይንሽ አልዋሸሽም እማዬ፤ ክሳቱ እውነት ነው፤ በሽታ ግን አይደለም።

ምክንያቱ ምግቡ የጾም መሆኑ ሳይሆን፣ ጉልበት የሚሰጠው ነገር ሆድ ከሚሞላው ነገር ማነሱ ነው። ጎመን፣ ዱባ፣ የተቀቀለ ምስርና ሰላጣ ውኃና አሠር ስለሚበዛባቸው ቶሎ ያጠግባሉ፤ ሰውነት የሚፈልገው ሳይሟላ እጅ ከገበታ ይነሣል። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ 1 ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቅቤ ከወጥ ሲወጣ በቦታው ሌላ ስብ ካልገባ ሰው ሳይታወቀው ይከሳል። እኔም አሁን ገበታዬን የማደልበው ከዚሁ ከአገራችን እህል ነው፦ በሽሮዬ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት እጨምራለሁ፣ እርሱ ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይሆናል፤ ጠዋት በሶዬን በዘይት አሽቼ ወይም ዳቦዬን የለውዝ ቅቤ ቀብቼ እበላለሁ፤ የሱፍ ፍትፍትና ተልባ ከሳምንቱ አይጠፉም፤ በመክሰስ አቮካዶ፣ ወይም መራራው በውኃ ተዘፍዝፎ የወጣለት ግብጦ እይዛለሁ። ግብጦ በጎጃም የድሃ ቆሎ ተብሎ መናቁ ያሳዝነኛል፤ በፕሮቲን የሚስተካከለው ጥራጥሬ ጥቂት ነው። ማታ ማታ ውኃ የሞላ ጄሪካን እያነሣሁ ጡንቻዬን አሠራለሁ፤ ጡንቻ ካልሠራ የተጨመረው ምግብ ይበልጥ ወደ ስብ ይሄዳልና። ክብደቴ አሁን 51 ኪሎ ደርሷል፤ ከወሰኑ በላይ ነኝ፤ ጭማሪው ዝግ ያለ መሆኑንም ሐኪሙ ወዶታል።

ከምግቡ ይልቅ የከበደኝ የሰው አፍ ነው። በእኛ ዘንድ መወፈር የደስታ፣ መክሳት የሐዘንና የደዌ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ «ምነው ወዝሽ ጠፋ? ምን ነካሽ?» የሚለኝ ሰው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሰው ፊት ሲባል ያማል። መልሴን አንድ አድርጌዋለሁ፦ «ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ስላሰብሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» እልና ስለ ልጆቻቸው እጠይቃለሁ። ልብስ ሰፊ ዘንድም ሄጄ ቀሚሶቼን በልኬ አስጠብቤያለሁ፤ ሰፊ ልብስ የከሳን ሰው ይበልጥ ያከሳዋል። አንቺም ጎረቤት ሲጠይቅሽ አትሸማቀቂ፤ ያንኑ መልሰሽላቸው እለፊ። «ምስኪን ልጄ» ብለሽ አብረሽ እንዳታለቅሺ ብቻ እለምንሻለሁ፤ ወሬው ወደ እኔ ሲመለስ በሽታ ሆኖ ነው የሚደርሰኝ።

አንድ ነገር ግን በአትክልት ከቶ አይገኝም፤ እርሱም ቫይታሚን ቢ12 ነው። የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ሰው የሚያገኘውም ከእንስሳት ተዋጽኦ፣ ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከእንክብል ነው። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው ጉድለቱ ዘግይቶ ይታያል፤ ሲታይም ደም ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝና መርሳት ያመጣል። እኔ እንክብሉን እውጣለሁ። ይህን በተለይ የማነሣው ስለ አንቺ ነው። ሰው በዕድሜ ሲገፋ የጨጓራው አሲድ ስለሚቀንስ ቢ12ን ከምግብ መምጠጥ ይከብደዋል፤ አንቺ ደግሞ አጽዋማቱን ሁሉ ጾመሽ በፍስኩም ቅቤውን ለልጆችሽ ነው የምትልኪው። ባለፈው ጣቶችሽ እንደሚደነዝዙሽ ነግረሽኛልና፣ ከመጪው ጥምቀት በፊት ወደዚህ መጥተሽ ደምሽን እንድትመረመሪ እፈልጋለሁ። እስከዚያው ቡናሽን ከምግብ ጋር አታያይዢው፤ ቡና ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግደዋል፤ ሎሚ ደግሞ ያግዘዋል፤ ሁለቱም ከጓሮሽ አይጠፉም።

ስትመጪ ቅቤ አትግዢ። ሎሚና አንድ ጣሳ ያህል ኑግ ካመጣሽልኝ ይበቃኛል። የምትሳፈሪበትን ቀን ወንድሜ ይደውልልኝ፤ ወደቡ ላይ እጠብቅሻለሁ።

አክባሪሽ ልጅሽ