ጥጥ የተጎሰጎሰበት ብልቃጥ

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ከካዛንቺስ እስከ አራት ኪሎ በእግር ለሚደረስ መንገድ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ ቡናውን ጥዬ ከወጣሁ ወዲህ ግን ፊትሽ ቆሜ የምናገረው ቃል ጠፋኝ።

ቫይራል ሎድሽ፣ በደምሽ ውስጥ ያለው የኤች አይ ቪ መጠን፣ ከፍ ብሎ ሲመጣ ደነገጥኩ። ድንጋጤዬን ዋጥ አድርጌ አጠገብሽ መቀመጥ ሲገባኝ፣ በየማታው 2 ሰዓት እየደወልኩ «ዋጥሽ?» አልኩሽ። አልበቃ ብሎኝ የአክስቴ ልጅ ያንን ክዳን ከአሜሪካ ትላክልን አልኩ። «እንደ መብራት ኃይል ቆጣሪ ልታስገቢብኝ ነው?» ስትዪኝ ድምፅሽ ተንቀጥቅጦ ነበር። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ክዳኑ ምን እንደሆነ በወጉ አላስረዳሁሽም። የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ነው፤ ውስጡ ትንሽ ቺፕ አለው፤ ብልቃጡ በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። በሲም ካርድ የሚሠራ፣ መከፈቱን ወዲያው የሚያስተላልፍ ሣጥንም አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በእንዲህ ያለ ክዳን ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ያኔ በነበሩት መድኃኒቶች ቫይረሱን ለመቆጣጠር 95 በመቶውንና ከዚያ በላይ መውሰድ እንደሚያስፈልግ አሳየ። ካውንስለሮቹ ሲደጋግሙልሽ የኖሩት 95 የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያቺን ቁጥር እኔም በልጅነቴ አውቃታለሁ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ጠዋትና ማታ ነበር የምትወስጂው፤ በወር 60 ፍሬ። ከሦስት በላይ እንዳያመልጥሽ ተነግሮሽ ነበርና በሩን ቆልፈን፣ ነጠላሽን አልጋው ላይ ዘርግተን የቀረውን እንቆጥር ነበር። ሲንኮሻኮሽ ጎረቤት እንዳይሰማ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ትጎሰጉሻለሽ። የተለጠፈበትን ወረቀት ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረሽ በጥፍርሽ ትልጪውና ከሰሉ ላይ ትጥዪዋለሽ፤ ነዶ እስኪያልቅ ዓይንሽን አትነቅዪም። በአንድ ቧንቧ ሰባት አባወራ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ሁለታችንን ያኖረን ያ ጥንቃቄሽ ነው።

ማክሰኞ ማታ ይህን ሳስታውስ ነው ያፈርኩት። አንቺ እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ የሳምንቱን ሰባት ፍሬ ከብልቃጡ አውጥተሽ በመሐረብ ትቋጥሪያለሽ። እንጦጦ ማርያም ለጠበል ስትሰነብቺም ይዘሽው የምትሄጂው ያንኑ ቋጠሮ ነው። ክዳኑ ቢኖር ኖሮ ብልቃጡ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደተከፈተ ይመዘግብና ስድስቱን ቀን እንዳልወሰድሽ ይቆጥርብሽ ነበር። በየቀኑ ከፍቶ ለሚደፋ ሰው ግን ሙሉ ይሰጠዋል። መክፈትን እንጂ መዋጥን አያይም። በክዳኑ የሚጠቀሙ ተመራማሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ፍሬ ይቆጥራሉ፣ ሰውየውንም ይጠይቃሉ። እኔ አልጠየቅሁሽም፤ ፈረድኩብሽ እንጂ።

ያልጠየቅሁሽ ሌላም ነገር አለ። ለአጥንትሽ የታዘዘልሽን ካልሲየም መቼ ነው የምትወስጂው? በጾሙ ሰሞን እሱንና መድኃኒትሽን አንድ ላይ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ ስትውጪ አይቼሻለሁ። አሁን በቀን አንዴ የምትወስጃት ፍሬ ውስጥ ዶሉቴግራቪር አለ፤ ይህ መድኃኒት ከካልሲየም ወይም ከብረት እንክብል ጋር በባዶ ሆድ ሲወሰድ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ የሚቻለው ከምግብ ጋር ነው። ያለበለዚያ መድኃኒቱ ካልሲየሙ ከመወሰዱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት ቆይቶ ይዋጣል። ቁጥሩ የጨመረው በዚህ ነው አልልሽም፤ የደም ምርመራው ተደግሞ ሐኪሙ ይናገር። ግን አንዲት ቀን ሳታሳልፊ እየወሰድሽም ሊጨምር እንደሚችል አስቢው። እኔ «ረስታ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ሃያ ዓመት ያልረሳሽውን!

ይቅር በዪኝ፣ የኔ እናት።

የአክስቴን ልጅ ክዳኑን ተዪው ብያታለሁ። አንድ ቀን ራስሽ ብትፈልጊው ያንቺ ነገር ነው፤ ያኔም መዝገቡን የምታይው አንቺ ነሽ። ማታ ማታ መደወሌን አልተውም፤ ስለ መድኃኒቱ ግን አንቺ ካላነሳሽው አላነሳም።

ሐሙስ ቀጠሮሽ ላይ ጤና ጣቢያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። የካልሲየሙን ብልቃጥ ይዘሽ ነይ፤ የሚላጠውን ወረቀት አትላጪው፣ ሐኪሙ ያንብበው። ይህችን ደብዳቤ ግን እንደ ልማድሽ ከሰሉ ላይ ጣያት።

እሑድ አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ነው የወጣሁት። ለቶናውና ለበረካው እመጣለሁ።

ልጅሽ